ዶን ቺሪያኮ ባሕር የገባ ዕለት

ዶን ቺሪያኮ ስካላ ዕድሜውን ያሳለፈው ፖትሱኦሊ ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ፕሮቺዳ ደሴትን ከኩሽናው መስኮት እያየ ነው። አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ዓርባ ዓመት ግድም በየነሐሴው አንድ ቀን ከሚስቱ ከዶና አሱንታ ጋር መርከብ ተሳፍሮ ወደዚያች ደሴት ይሻገራል፤ ሲመሽ ይመለሳል። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ግን የፕሮቺዳ ባሕር ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ነክቶት አያውቅም።

የከለከለው ሆዱ ነው። እዚያ አገር የበላ ሰው ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይቆይ ውሃ አይገባም። ሕጉ የት እንደተጻፈ የሚያውቅ የለም፤ የሚጠራጠረውም የለም። በየቤተሰቡ አንድ ኮክ በልቶ፣ እስከ ጉልበቱ ብቻ ውሃ ገብቶ፣ እዚያው ክልትው ያለ የአክስት ልጅ አይጠፋም። የሟቹን ስም ስትጠይቅ "የባኮሊዎቹ ዘመድ ነበር" ይሉሃል። ጎረቤት ከተማ ባኮሊ ወርደህ ስትጠይቅ ደግሞ "የፖትሱኦሊ ልጅ ነበር" ይሉሃል።

ዶና አሱንታ በበኩሏ ባሏን ሳታጎርስ ረጅም ሰዓት መቆየት አትችልም። መርከቡ ላይ በእንቁላል የተጠበሰ ማካሮኒ፣ ሲወርዱ ክሬም ያለበት ዳቦ፣ እኩለ ቀን ላይ የአህያ ጭንቅላት የሚያክል፣ በምድጃ የተጋገረ ፓስታ አልፎርኖ፣ አልፎርኖው እንዲወርድ ሐብሐብ፣ ሐብሐቡ ብቻውን እንዳይሆን ብስኩት። ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው "አንዲት ፍሬ ወይን፣ ምን ትሆናለች?" ትለዋለች፤ ይጎርሳል፤ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ከዚያ የመጨረሻው መርከብ ይጮኻል።

ዘንድሮ ነገሩ ሌላ ነው። ሰኞ የዕቃ መኪና ይመጣል። ልጃቸው ሎሬዳና ቶሪኖ ውስጥ፣ ከራሷ ቤት ፊት ለፊት፣ ቤት ተከራይታላቸዋለች። ቶሪኖ ደግ ከተማ ነው ይባላል፤ ባሕር ግን የለውም። ዶን ቺሪያኮ ይህን ሲሰማ አልተቃወመም። ልጁን ይወዳታል፣ ጉልበቱም ደረጃውን እያቃተው ነው። በልቡ ግን ቆረጠ፤ ቅዳሜ ፕሮቺዳ ስንሄድ እህል የሚባል በአፌ አይዞርም፤ በዚያች ባሕር እስካንገቴ ድረስ ገብቼ ነው የምሄደው፣ አለ። ለሚስቱ አልነገራትም። ቢነግራት ዓርብ ማታ የሁለት ቀን አብልታ ታሳድረዋለች።

መርከቡ ከወደቡ ገና ፈቀቅ ሳይል ዶና አሱንታ ቅርጫቷን ከፈተች።

"እንካ፣ ሳይቀዘቅዝ።"

"አልራበኝም።"

ማካሮኒው አየር ላይ ቀረ።

"ምን አልክ?"

"አልራበኝም ነው ያልኩት።"

"አንተ ነህ ወይስ ሌላ ሰው ነው በአንተ አፍ የሚያወራው?"

ከጎናቸው የተቀመጠች ዶና ኦርቴንሲያ የምትባል፣ ሆስፒታል ኩሽና ውስጥ ስታበስል ያረጀች ወፍራም ሴት፣ "ጣልቃ መግባት አልወድም" ብላ ገባች። "ባል ቁርስ እምቢ ካለ ከሁለት አንዱ ነው፣ እህቴ። ወይ ታሟል፣ ወይ ሴት ይዟል።"

ዶና አሱንታ ባሏን ከራሰ በራው እስከ ሰንደል ጫማው ድረስ ቀስ ብላ አየችው።

"ታሟል" አለች።

ዶን ቺሪያኮ ትንሽ ቅር አለው። ምናለ ሁለተኛውን ለይምሰል እንኳ ቢያስቡበት?

ከዚያ በኋላ ግንባሩን ያልዳሰሰ ተሳፋሪ የለም። አንዷ ትኩሳት አለው ስትል ሌላዋ በረዶ ሆኗል ትላለች። እህታቸውን ሊጠይቁ የሚሻገሩ አባ ሳቬሪዮ የሚባሉ ቄስም ባርኔጣቸውን አውልቀው "ምላስህን አውጣ እስቲ፣ ልጄ" አሉት። ምላሱን አውጥቶ ቁጭ እንዳለ ትኬት የሚያየው መርከበኛ ደረሰ።

"ይሄን ሰውዬ በዚህ ምላስ ማን አሳፈረው?" አለ።

ዶን ቺሪያኮ ታገሠ፣ ታገሠና ብድግ አለ።

"አልታመምኩም! ባሕር ልገባ ነው! ለዚያ ነው የማልበላው!"

ሞተሩ እንኳ ድምፁን የቀነሰ መሰለ።

"ታሞ ባሕር ሊገባ!" አለች ዶና አሱንታ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

"አልታመምኩም እኮ!"

"ካልታመምክ ብላ።"

"ከበላሁ አልገባም።"

"ካልበላህ ታመሃል። የታመመ ሰው ደግሞ ባሕር አይገባም። ተሳሳትኩ፣ አባ?"

"አልተሳሳትሽም" አሉ አባ ሳቬሪዮ አዝነው።

ዶን ቺሪያኮ ነገሩን እንደ ሾፌር አሰበው። መንገዱ በቀኝም በግራም ዝግ ነው፤ ወደኋላ እንዳይመለስ መርከብ ላይ ነው።

"ደግሞስ ምን አስቸኮለህ?" አለችው ሚስቱ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ባሕሩ እንደሆን የትም አይሄድ።"

"እኛ ነን የምንሄደው፣ አሱንታ።"

ማካሮኒውን መልሳ ጠቀለለችው፤ ጨርቁን ከሚያስፈልገው በላይ ስታስር ስትፈታ ቆየች። ከዚያ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች።

ደሴቷ ላይ ሲወርዱ ወሬው ቀድሟቸው ወርዶ ነበር። ኪያዮሌላ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ሲደርሱ፣ ጃንጥላ እያከራየ ዋናተኛ የሚጠብቀው ሊቤሮ ከሩቅ አይቶ "ያ የማይበላው ሰውዬ እርስዎ ነዎት?" አለው። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ጥላ ሰጣቸው፤ ሁሉም እንዲያየው ይመስላል። ከጥላቸው ሥር ገና ሳይቀመጡ ከግራ ከቀኝ ሳህን ይመጣ ጀመር። አንዷ የተሞላ ቃሪያ፣ አንዷ የጥጃ ቁርጥ፣ አንዱ ሽማግሌ አንድ የተላጠ እንቁላል አምጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠለትና ተመለሰ። ዶን ቺሪያኮ እንቁላሉን ይዞ የት እንደሚያደርገው ጨነቀው።

ዶና ኦርቴንሲያ የደሴቷን የሎሚ ሰላጣ በሳህን ይዛ መጣች።

"ይቺን ብቻ ቅመስ። ሎሚ እንደሆነ ምግብ አይደለም።"

"ምግብ ካልሆነ ምንድን ነው?" አለ ሊቤሮ።

"መድኃኒት ነዋ!"

"መድኃኒት ከወሰደማ በሽተኛ ነው፤ ውሃ አላስገባውም።"

"እንግዲያው ምግብ ነው በለው!"

"ምግብ ከሆነ ሦስት ሰዓት ሙሉ ይጠብቃል።"

ሁሉም ወደ አባ ሳቬሪዮ ዞሩ። እህታቸውን ቤት አላገኟቸውም ነበርና ከሕዝቡ ጋር ወርደው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አባ አገጫቸውን አሹ።

"በዚህ ጉዳይ ቤተ ክርስቲያን ዝም ብላለች" አሉ። "እናቴ ግን ዝም አላለችም።"

ሎሚው ተመለሰ።

እኩለ ቀን ሲያልፍ የዳርቻው ሰው ሁሉ በላ። ምን የመሰለ አበላል! ከዚያ አንድም ሰው ሳይቀር ከውሃው ርቆ፣ በየጥላው ሥር ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ተጋደመ። ባሕሩ ባዶውን እንደ ታጠበ ሳህን አበራ። ዶን ቺሪያኮ ይህን ጊዜ ነው ሲጠብቅ የቆየው። ሸሚዙን አወለቀ። ለዚህ ቀን ብሎ ከቁም ሳጥን ሥር ያወጣው የዋና ቁምጣ ሳያገባ የተገዛ ነው፤ አሁን ከእምብርቱ በታች ብዙ ዝቅ ብሎ ነው የቆመው። ወደ ውሃው ሄደ። አንድ እርምጃ ሲቀረው ፊሽካ ተነፋ።

"የት ነው?" አለ ሊቤሮ።

"ባሕር።"

"ብቻዎን አይሆንም። ቢያዝዎት ማን ያወጣዎታል?"

"አንተ ነሃ! ሥራህ አይደል?"

ሊቤሮ ሆዱን መታ መታ አደረገ። "በልቻለሁ። ሁለት ሳህን። እርስዎን ላወጣ ብገባ እኔን ማን ያወጣኛል? እኔን ሊያወጣ የሚገባውንስ?" እጁን ወደ ጥላዎቹ ዘረጋ። "እዚህ ዳርቻ ላይ ያልበላ ሰው አለ? ካለ ይቁም፤ እሱ ይጠብቅዎት።"

ማንም አልተነሳም። ጥቂቶቹ ለምስክርነት ያህል አገሱ። ዶን ቺሪያኮ ቁምጣውን በአንድ እጁ እንደያዘ ቆመ፤ ባሕሩ ጣቱን ሊነካ ይመጣና ይመለሳል። በቃ፣ እዚህ ድረስ ነው እንግዲህ፣ አለ በሆዱ፣ በባዶ ሆዱ።

"እኔ አለሁ" አለች አንዲት ድምፅ።

ሁሉም ዞረ። ዶና አሱንታ ነች፣ ቅርጫቷን ጭኗ ላይ እንዳቀፈች።

"አንቺ ምን?" አለች ዶና ኦርቴንሲያ።

"አልበላሁም።"

"ምሳ?"

"ምሳም፣ ቁርስም። እሱ ሳይበላ እኔን እንዴት ይወርድልኛል?"

ዶና ኦርቴንሲያ አማተበች። "እናንተዬ፣ ሁለቱም ታመዋል!"

"ግን ይቺ ሴት መዋኘት ትችላለች?" ብሎ ጠየቀ እንቁላል ያመጣው ሽማግሌ።

"እንኳን መዋኘት፣ ገንዳ ውስጥ ገብቼ አላውቅም" አለች ዶና አሱንታ።

ሊቤሮ አሰበ። "ሕጉ ስለ ሆድ ነው" አለ በመጨረሻ። "ስለ መዋኘት የሚለው ነገር የለም።" ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ አንገቷ ላይ አጠለቀላት፤ የሕይወት አድን ጎማውንም አስታቀፋት።

ዶን ቺሪያኮ ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ቶሎ ገባ። ጉልበቱ፣ ወገቡ፣ ደረቱ፣ አንገቱ። ቀዝቃዛው ሲነካው እንደ ልጅ "ዋይ! ዋይ!" አለ፤ ከዚያ ለመደውና ዝም አለ። ከታች የእግሩን ጣቶች አያቸው፤ ከጎናቸው ሌላ ትናንሽ ነገሮች ይተራመሳሉ፣ ዓሣ መሆናቸው ነው። ዓርባ ዓመት ሙሉ ከመስኮት ያየው ነገር አሁን አገጩን ይነካዋል። ወደ ፖትሱኦሊ ዞሮ ቤቱን ሊፈልግ ፈለገና ኮረብታው እንደሚጋርደው ትዝ አለው። አልከፋውም፤ እንደውም ተመቸው።

"ገባህ?" ጮኸች ሚስቱ ከዳር።

"ገባሁ!"

"ደስ አለህ?"

"በጣም!"

"በል ውጣና ብላ!"

"ከወጣሁና ከበላሁማ መቼ እመለሳለሁ!"

ዶና አሱንታ ከንፈሯን ነከሰች። ባሏ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ አልፎርኖው ቅርጫት ውስጥ ነው። ወደ አባ ሳቬሪዮ ዞረች።

"አባ፣ የተከለከለው በልቶ መግባት ነው፤ አይደል?"

"አዎ፣ ልጄ።"

"ገብቶ መብላትስ?"

አባ ብዙ አሰቡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት።

"ስለዚህስ እናቴም ያለችው ነገር የለም" አሉ።

ይህን ስትሰማ አልዘገየችም። የአልፎርኖውን ትሪ ሕይወት አድን ጎማው ላይ ደልድላ አስቀመጠች፣ ሹካ አፏ ውስጥ ነከሰች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፤ ከዚያ ጎማውን እየገፋች፣ ፊሽካዋ አንገቷ ላይ እየተወዛወዘ፣ ወደ ውሃው ገባች። ሕዝቡ ተንጋግቶ ዳር ድረስ መጣ። ቀሚሷ ዙሪያዋን እንደ ድንኳን ተነፋ። ደረቷ ድረስ ሲደርሳት ባሏ ወደ እሷ ተጠጋ።

"አፍህን ክፈት።"

ከፈተ።

"ጨው አነሰው?"

"ቆይ፣ ማዕበል መጣ። አሁን በቃው።"

እሱ ሲያላምጥ እጇ ሥራ ፈታ። ሹካውን ተቀበላትና አንድ ትልቅ ጉርሻ ቆርጦ ወደ አፏ አስጠጋ። እምቢ ልትል ነበር፤ ረሃቡ ግን ቀደማት። ትሪው እስኪጋመስ ሲጎራረሱ ቆዩ። ሰዉም ዳር ቆሞ ያያቸዋል፤ ጎል እንደሚጠበቅበት ኳስ ጨዋታ።

የቀረውን አልፎርኖ ገና ሲቀማምሱ ፀሐይዋ በረደች፤ ሰዉም ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ፤ ወደቡ ድረስ አውቶቡስ አለ፣ የመጨረሻው መርከብም አይጠብቅም።

"ውጡ እንጂ!" ጮኸች ዶና ኦርቴንሲያ። "ይሄዳል!"

ሁለቱ ወደ ዳር አንድ እርምጃ ሲራመዱ ሊቤሮ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

"ቁሙ! አሁን በልታችኋል!"

"እና?"

"በልቶ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ መግባት ነው አይደል የሚገድለው? እንግዲህ በልቶ ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ መውጣትስ? ማን ሞክሮ አየ? በእኔ ዳርቻ ላይ አይሞከርም! ሦስት ሰዓት ሙሉ እዚያው ትቆያላችሁ!"

ማንም አልሳቀም። ዶና ኦርቴንሲያ እንኳ ራሷን ነቀነቀች፤ ያ ኮክ የበላው የባኮሊ ልጅ ሲገባ ይሁን ሲወጣ የሞተው በትክክል እንደማታውቅ ተናገረች። ሁለቱን ስማ የምትሰናበታቸው ያህል ከሩቅ እጇን አወዛወዘችና ወደ አውቶቡሷ ሮጠች። ትንሽ ቆይቶ ከኮረብታው ማዶ መርከቡ ጮኸ።

ይህን ጊዜ ቅርጫቱ ውስጥ ስልክ ጮኸ። ሊቤሮ ጃንጥላ እያጠፈ ነበር፤ ያነሱት አባ ሳቬሪዮ ናቸው።

"አቤት... የለም፣ እኔ ቄስ ነኝ... ኧረ በሕይወት አሉ፣ አትደንግጪ ሎሬዳና... ባሕር ውስጥ ናቸው... አዎ፣ ሁለቱም። አልፎርኖ እየበሉ ነው።"

ከቶሪኖ የመጣው ጩኸት ውሃው ውስጥ ላሉት እንኳ ተሰማ።

"በልተው ነው የገቡት?!"

"ኧረ የለም፣ ገብተው ነው የበሉት።"

አባ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው መስመሩ መቋረጥ አለመቋረጡን አዩ። ሎሬዳና ግን እያሰበች ነበር።

"እንደዚያ ከሆነ" አለች በመጨረሻ፣ "እንዳይወጡ ይንገሩልኝ።"

አባ ሳቬሪዮ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ደግነው መልእክቱን ወደ ባሕሩ ጮኹት። ዶን ቺሪያኮ አልሰማም፤ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጆሮው ውሃ ውስጥ፣ ሆዱ እንደ ትንሽ ደሴት ከላይ ይታያል። አንድ እጁን ሚስቱ ይዛዋለች።

"መቼ ልንወጣ አልን?" አለች ዶና አሱንታ።