የድንቡሼ ተማሪ

የጠዋቱ የሒሳብ ፈተና አልቆ ከአዳራሹ ስንወጣ ድንቡሼ ክንዴን ይዛ ወደ ክፍሏ ልጆች ጎተተችኝ።

"ነይ መርፌ፣ መልስ እናመሳክር። የሒሳቡ የከሰዓት ፈተና ሳይጀመር ልባችን ይረፍ።"

መርፌ ያለችኝ እሷ ናት። ግማሹ ለሥራዬ፣ ግማሹ ለምላሴ ነው፤ ከፍቶኝ አያውቅም። ከእትዬ ጋር በሱቋ ልብስ እሰፋለሁ። ሒሳብ የተማርኩት ወንድሜ ከጣላቸው መጻሕፍት፣ ብቻዬን ነው። ቤት ውስጥ "መጽሐፍ ታቅፋ ታንቀላፋለች" ይሉኛል። መማሬን የምታውቅልኝ ጓደኛዬ ድንቡሼ ብቻ ነበረች። እሁድ እሁድ፣ ሱቁ ዝግ ሲሆን፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጬ አስጠናት ነበር። ዩኒፎርም ለባሿ እሷ፣ የግል ተፈታኟ እኔ። "አንቺ ባትኖሪ ወድቄ ነበር" ትለኛለች። ከማንም ያላገኘሁት ዲፕሎማዬ ይህ ቃሏ ነበር።

ግንቡ ሥር ሁለት ልጆች ይጠብቁናል። አንዱ መነጽር አድርጓል፤ ሌላዋ ረጅም ናት፣ ዳቦ ታኝካለች።

"የካሬው ጎን በአሥር በመቶ ሲጨምር ስፋቱ በስንት ይጨምራል?" አለ መነጽሩ።

"በሃያ አንድ" አልኩ።

"ሃያ አንድ" አለች ረጅሟም። "ሃያ ልል ስል የሙት ልጇ ትዝ አለችኝ።"

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ካሬን ወረቀት ላይ ሲያሰፉት በሁለት ጎኑ ሁለት ቀጭን ቁራጭ ይጨመራል፤ ጥጉ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ካሬ ብቻዋን ትቀራለች። ስሟን የሚነግረኝ አስተማሪ ስላልነበረኝ "የሙት ልጅ" ብዬ የጠራኋት እኔ ነኝ። የትም መጽሐፍ ላይ የለችም።

"ይሄን ማን ነገራችሁ?"

"ድንቡሼ ናታ። ቅዳሜ ቅዳሜ ታስጠናን የለ?" አለ መነጽሩ። ከዚያ ፈገግ ብሎ አየኝ፤ ክፋት የለበትም። "ቆይ፣ ድንቡሼ የምታስጠናት ልብስ ሰፊ አንቺ ነሽ? በርቺ። ጎበዝ ተማሪ አለችኝ ብላ ነግራናለች።"

ድንቡሼን አየኋት። የጫማዋን ክር ልታስር ጎንበስ ብላለች። ጫማዋ ክር የለውም።



"ኔጌቲቭ ሁለት ኤክስ ከስድስት ያንሳል የሚለውስ?" ረጅሟ ቀጠለች።

"ኤክስ ከኔጌቲቭ ሦስት ያንሳል" አልኩ እንደምንም።

"እኔም።"

መነጽሩ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። "እኔም እንደዚያ ነው የጻፍኩት። ግን እስቲ ዜሮን አስገቧት። ዜሮ ከስድስት ታንሳለች፤ ልክ ነው። ከኔጌቲቭ ሦስት ግን አታንስም። በኔጌቲቭ ስናካፍል ምልክቱን ማዞር ነበረብን። ተበላን።"

ረጅሟ ማኘኳን አቆመች። "ድንቡሼ፣ መምህሩ ይዞራል ሲል 'ተዉት፣ ዝም ብላችሁ አካፍሉ' ያልሽን አንቺ አይደለሽ?"

"እኔ ምን ላድርግ?" ድንቡሼ አሁን ቀና አለች። በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። "እሷ ናት እንዲህ ያሳየችኝ።"

"ተማሪሽ አይደለች እንዴ?" አለ መነጽሩ።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

"ያ ገጽ ከመጽሐፌ ላይ ተቀዶ ወጥቷል" አልኩ። "ስህተቱ የእኔ ነው። የሙት ልጇም የእኔ ናት። ለሷ ልክ ልኩን፣ ለኔ ስህተት ስህተቱን አታካፍሉን።"

የከሰዓቱ ደወል ተደወለ። በሩ ላይ ስንጋፋ ድንቡሼ ከኋላዬ እጅጌዬን ሳበች።

"መርፌዬ፣ በሞቴ አትቀየሚኝ። አንድ ቀን ሳላስበው 'ተማሪዬ ናት' የሚል አመለጠኝ፤ ኋላ እንዴት ልመልሰው? አሁን ያን የክበቡን ስፋት አሠራር ቶሎ በይልኝ፣ ጠፍቶብኛል።"

ዞር ያልኩት ይቅርታ የምትለኝ መስሎኝ ነበር።

"አስተማሪዬ አይደለሽ?" አልኳት። "አንቺ ንገሪኝ እንጂ።"

"ሰው እንዲህ ይጨክናል?" ዓይኗ እንባ አቀረረ። የተበደለችው እሷ ሆና አረፈችው።

ክበቡ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ላይ መጣ። ሠራሁት። ቀና ስል ድንቡሼ ከፊቴ ካለው ረድፍ የእርሳሷን ጫፍ እየነከሰች፣ ፈታኙ ጀርባውን እስኪሰጥ ጠብቃ ዞር ብላ አየችኝ። እሁድ እሁድ ሲጠፋት እንዲሁ ነው የምታየኝ። ከንፈሬ ከልማዱ መልሱን ሊነግራት ተንቀሳቀሰ።

ወረቀቴን በክርኔ ሸፈንኩና አቀረቀርኩ።