የጠመኔው ስስ መስመር

አባታችን ጨርቅ ላይ ጠንክሮ የሚጫን ሰው አይወድም። "ጨርቁ የሰው ነው" ይላል፣ ጠመኔውን በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ። "በሰው ነገር ላይ ቀስ ነው።" ደንበኛ ሐሳቡን ይቀይራል። ወገቡ ከባለፈው ወፍሮ ይመጣል። ሚስቱ ትከተለውና "ይሄማ አጠረ" ትላለች። ስለዚህ እኛ ቤት ሥራ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ልብሱ ከትከሻ እስከ ታች በስሱ ይሰመራል፤ ቆም ተብሎ ይታያል፤ ደንበኛው "በቃ ይሁን" ካለ በኋላ ነው እንደገና በመስመሩ ላይ ተሂዶ የሚደምቀው። ከዚያ መቀስ። ሰፈርተኛው አባቴን ጋሽ ቀስ በል ይለዋል። እኔን ደግሞ መርፌዋ ይሉኛል። በሥራዬ እንዳይመስላችሁ፣ በምላሴ ነው።

ታናሽ እህቴ ፌንጣ ናት። ቀጭን፣ እግሯ የማያርፍ፣ መጽሐፍ ካልያዘች በቀር አንድ ቦታ የማትቀመጥ ልጅ። ጠመኔ የያዘችው እርሳስ ከመያዟ በፊት ነው፤ አባቴ ቁርጥራጭ ገበር ይሰጣትና ከጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብላ ስታሰምር ትውል ነበር። ከፍ ስትል መስመሯ እንዲህ ስስ ሆነ ልበላችሁ፣ ከሦስታችን በቀር የሚያየው ሰው የለም። እኔ ግን ችኩል ነኝ፣ ሁልጊዜ እጄ ይከብዳል። አባቴ የኔን እያየ "ቀስ በይ" ይላል፤ የሷን ሲያይ ፈገግ ብቻ ይላል። እኔ እንግዲህ ይሄን ሁሉ ዓመት ችዬ ኖሬአለሁ።

ፌንጣ ትምህርት ላይ የምትያዝ አልነበረችም። መምህሮቿ ሱሪ ሊያሳጥሩ መጥተው ስለ እሷ አውርተው ይሄዳሉ። ልትገባበት የምትመኘው ኮሌጅ፣ አውቶቡስ ተሳፍረን የምንሄድበት ትልቅ ከተማ ውስጥ ያለው፣ በመግቢያ ፈተና ከፍተኛ ላመጡ ሙሉ ነፃ የትምህርት ዕድል ይሰጣል። ማደሪያው፣ ምግቡ፣ መጽሐፉ፣ ሁሉም በእነሱ ነው። ያለዚያ አይታሰብም። ሱቃችን ያበላናል፣ ያለብሰናል፣ ከዚያ አልፎ ልጅ ኮሌጅ የሚልክ አይደለም። ይሄን ፌንጣም ታውቃለች፤ ለዚህ ነው ሌት ተቀን የምታጠናው።

ኮሌጁን እኔ ከእሷ በፊት አውቀዋለሁ። በየዓመቱ የተመራቂዎቹ ጋዋን ጠርዙ የሚሰፋው እኛ ጋ ነው፤ ሲያልቅ አስሬ፣ አውቶቡስ ላይ ጭኜ የማደርሰው እኔ ነኝ። "እስቲ አንዱን ለብሰሽ በመስታወት አይተሽው ታውቂያለሽ?" ይሉኛል የሰፈር ሴቶች። አላውቅም። ብለብሰው የማወልቀው አይመስለኝም። አስረክቤ ስመለስ ግን መንገዴን ጠምዘዝ አድርጌ በቤተ መጻሕፍቱ በኩል አልፋለሁ። በሩ ላይ ቆም እላለሁ። ወረቀት ሲገለጥ፣ ወንበር ሲንኳኳ፣ አንዱ ሲያስል እሰማለሁ። አንድ ቀን አንድ ተማሪ አየኝና አጠገቡ ያለውን ወንበር ሳብ አድርጎ "ተቀመጪ፣ ማንም አልያዘውም" አለኝ። "ቸኩያለሁ" አልኩት። ምን አስቸኮለኝ? ምንም። ያን ወንበር እስካሁን አስበዋለሁ፤ ሰው ሲያወራኝ ሁሉ አንዳንዴ አስበዋለሁ።

እኔም እኮ በጊዜዬ ተፈትኜ አልፌ ነበር። ዕድሉም ደርሶኝ ነበር። ያን ጊዜ እናታችን አልጋ ይዛለች፣ ፌንጣ ገና ሕፃን ናት፣ አባቴ ካውያውንም መቀሱንም ሕመምተኛዋንም አንድ ላይ ይዞ ይንገዳገዳል። ከስፌት መኪናው ቀና ሳልል "ለአንድ ዓመት ልቆይ፣ ከዚያ እሄዳለሁ" አልኩ። "እንዳልሽ" አለ አባቴ። እናቴ አረፈች፣ ፌንጣ አደገች፣ ያ አንድ ዓመት ግን እስካሁን አላለቀም።

ፈተናው ደረሰ። ፌንጣ ሸሚዟን ራሷ ተኩሳ ሄደች፣ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር።

"እንዴት ነበር?" አልኳት።

"ያልሠራሁት ጥያቄ የለም እታለም። አንድም።"

አባቴ ያን ቀን ካውያውን እየገፋ በከንፈሩ ያንጎራጉር ነበር። ድምፁን ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ!

ውጤቱ ሲወጣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ነፃ ዕድሉ ይቅርና ማለፊያውንም አላመጣችም። መጀመሪያ የሌላ ሰው ውጤት መስሎን ነበር፤ ቁጥሯ ነው፣ ስሟ ነው። ቆሽቴ አረረ። በዚያ ምላሴ ምን ያላልኳት አለ! "ምን ስትሠሪ ነበር? እንቅልፍ ወሰደሽ? ወይስ 'ሠራሁ' ያልሽው እኛን ለማስደሰት ነው?" አልኳት። አባቴ ቀስ ብሎ "ተያት" አለኝ። ከዚያ በኋላ ፌንጣ ከትምህርት ቤት ይልቅ ሱቅ መዋል ጀመረች፣ በርጩማዋን ከመኪናዬ ጎን አስጠግታ። ፌንጣ ዝም ብላ ስትቀመጥ ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ ልነግራችሁ አልችልም። የኔን ሕይወት ሁለተኛ ጊዜ ስትጀምረው የማይ መሰለኝ።

አንድ ጠዋት የአንድ ሹፌር ሱሪ ስታሰምር ሳላስበው እጇን አየሁ። ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት በስሱ ሄደች። ቀና አለች። ተመልሳ ከላይ ጀምራ ልታደምቀው ጠመኔዋን ጫን አደረገች።

"አንቺ ልጅ" አልኳት። "ያንን የፈተናውን የመልስ ወረቀት እንዴት አድርገሽ ነው ያጠቆርሽው?"

"እንዴት ማለት?"

"ክቦቹን ነው የምልሽ። እንዴት አጠቆርሻቸው?"

"እንደ ሁልጊዜው ነዋ። መጀመሪያ ሁሉንም በስሱ ምልክት አደረግሁ። እንደገና አየሁት፣ የሳትኩትን ቀየርኩ። ከዚያ ከላይ ጀምሬ ሳጠቁር ፈታኙ 'እርሳስ አስቀምጡ' አለ።"

"ምን ያህሉን አጥቁረሽ ነበር?"

"የመጀመሪያውን ረድፍ። ግን ሌላውም ምልክቱ ይታያል እኮ" አለች፣ ግራ ገብቷት። እውነቷን ነው፣ በዚህ ቤት ያደገ ሰው ስስ መስመር የማይታይ መሆኑን በየት በኩል ይወቅ?

አባቴ ካውያውን አቆመ። ጨርቁ ላይ አለመሆኑ በጀ። ፌንጣን አያት፣ ሱሪውን አየ፣ በጣቶቿ መሀል ያለውን ጠመኔ አየ። ከዚያ ኮቱን ከመስቀያው አወረደና ሱቁን ዘጋ። በሥራ ቀን ሱቅ ሲዘጋ ያየሁት እናቴ ያረፈች ዕለት ብቻ ነበር።

በኮሌጁ የፈተና ቢሮ ውስጥ ያለችው ሴት መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ጉዳያችንን ሰማች፣ በትዕግሥት ሰማችን፣ ከዚያ "የሚያርመው ማሽን ባዶ ነው ካለ ባዶ ነው" አለች።

"ባዶ አይደለም" አለች ፌንጣ። "እባክሽ አንዴ ብቻ አውጪውና እዪው። ባዶ ከሆነ እንሄዳለን።"

ባለመነጽሯ ተነፈሰች፣ ተነሳች፣ ቆይታ ወረቀቱን ይዛ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ስታየው ምንም አላየችም። ወደ መስኮቱ ወሰደችው፣ መነጽሯን አደረገች፣ ወረቀቱን ዘንበል አደረገችው። ጣቷ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ ወረደ።

"ይሄን ሁሉ..." አለች። "ለምን ነው ልጄ እንዲህ የምትሠሪው?"

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። "እኔ ነኝ ያስተማርኳት" አለ። "ጥፋቱ የኔ ነው። እሷ የተባለችውን ነው ያደረገችው። ሊቀጣ የሚገባው ካለ እኔን ቅጡኝ።" አባቴ እንዲህ ሲለማመጥ አይቼው አላውቅም፤ አንጀቴን በላው።

"እዚህ ሰው አይቀጣም አባት" አለች ሴትየዋ። "እኔ ማየቴ ብቻ አይበቃም። በእጅ ይታረም ብዬ ለኮሚቴው ላቅርበው። እሺ ካሉ ጥሩ፣ እንቢ ካሉ ከኔ አይደለም።"

አመስግነን ወጣን። ማለት እነሱ ወጡ፤ እኔ በር ላይ ስደርስ እግሬ ተመለሰ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኋት።

"ይቅርታ፣ ይሄ ፈተና የዕድሜ ገደብ አለው?"

"የለውም። ለማን ነው?"

"ለ... ለማውቃት ሰው ነው። ድሮ አልፋ ነበር።"

"የድሮው አይሠራም፣ እንደ አዲስ ትፈተናለች። ነፃ ዕድሉም ከፍተኛ ላመጣ ለማንም ነው። ምዝገባው ከክረምቱ በኋላ ይከፈታል፣ ትምጣ።" ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። እኔም እንደ ሌባ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። አባቴ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን እያሽከረከረ ይጠብቀኝ ነበር።

ከዚያ የጠበቅነው መጠበቅ አይወራም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሦስታችንም እጃችንን እናቆማለን፤ "ኮቴ ደረሰ ወይ" የሚል ደንበኛ ሲሆን የማልሰድበው አባቴ ስላለ ብቻ ነው። በመጨረሻ ባለመነጽሯ ራሷ ደወለች። ኮሚቴው ፈቅዷል፤ ወረቀቱ በእጅ ታርሟል፤ ፌንጣ ከፍተኛውን ካመጡት አንዷ ሆናለች፣ ነፃ ዕድሉም የእሷ ነው። ፌንጣ ዘላ የክር ሣጥኑን ገለበጠችው። አባቴ የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እጆቹን ያያል። እኔ መሬት ላይ ክር እየለቀምኩ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው፣ ከልቤ። ቀንቼም ነው። ሁለቱም እውነት ነው፣ ምን ይደረግ።

አባቴ ኮት ሰፋላት። እጅጌውና ጎኑ ላይ ብዙ ትርፍ ጨርቅ አስቀርቶ ወደ ውስጥ አጠፈው፣ ስትወፍር መጥታ እንድታሰፋው።

"እዚያ ከተማ ልብስ ሰፊ የለም እንዴ?" አልኩት።

"ይኑር" አለ።

አውቶቡሱ ሲነሳ ፌንጣ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ እጄን ጨበጠችኝ። "እታለም፣ ጋዋን ስታመጪ ማደሪያዬ ነው የምታርፊው" አለች። "እሺ" አልኩ። ጋዋን ይዞ መሄድ፣ ጋዋን ጥሎ መመለስ። አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላም መንገዱን ሳይ ቆየሁ፤ አባቴ አጠገቤ ቆሞ ጠበቀኝ።

ሱቁ ሰፋብን። በርጩማዋን ማንም አላነሳውም። ክረምቱ ወጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዚፕ እየቀየርኩ ነው፣ አባቴ ደግሞ የአንዲት ሴት ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እያሰመረ ነው። ቀና ሳይል ተናገረ።

"ያቺ የምታውቂያት ሰው እንዴት ሆነች?"

"የትኛዋ?"

"ለባለመነጽሯ የጠየቅሽላት። ድሮ አልፋ የነበረችው።"

እግሬ ፔዳሉ ላይ ቀጥ አለ።

"ያኔ" አለ አባቴ፣ "እናትሽ የታመመች ጊዜ፣ እውነት መሄድ ፈልገሽ ነበር?"

"አዎ።"

"በጣም?"

"አሁንም እፈልጋለሁ አባባ። አንድ ቀን አላቆምኩም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬህ ነበር" አልኩት። "በስሱ ነበር እንጂ ነግሬህ ነበር።"

አባቴ ቀና አለ። "እኔ ደግሞ" አለ፣ "ስስ መስመር አያመልጠኝም እያልኩ እኖራለሁ።" ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። መጣና ዚፑን ከእጄ ወሰደው፣ ክሩን በጥሶ ወደ ጎን አደረገው። ከዚያ ያንን የራሱን ጠመኔ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

"ቀስ የሚባለው በሰው ጨርቅ ላይ ነው" አለኝ። "ይሄ ያንቺ ነው። ተጭነሽ በይው።"

"መማር እፈልጋለሁ" አልኩ።

"አልሰማሁም።"

"መማር እፈልጋለሁ!"

ቀሚሷን ልትወስድ የመጣች ደንበኛ በሩ ላይ ደንግጣ ቆመች። "ምነው፣ ደህና አይደላችሁም?" አለች።

"ደህና ነን" አለ አባቴ፣ ኮቱን ከመስቀያው እያወረደ። "ቀሚስሽ ለነገ ነው። ዛሬ ልጄን ላስመዘግብ ልሄድ ነው።" መብራቱን አጠፋ፣ በሩን ሳበ፣ ቁልፉን አዞረ፣ ከዚያም እኔን ወደፊት አስቀድሞ ከኋላዬ መጣ።