ሽርሽር ወደ ዌልሽ ሂልስ

ዓመቱ በፈረንጅ ሁለት ሺህ ሃያ አንድ ነው፣ ጥቅምት፣ ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል፣ ነፋሱም ብርድ አለው፣ በዚህ ላይ ልጁና ባሏ ይራመዱ ይሉታል፣ ግርማቸው ይራመዳል፣ ወደ ገበያ አይደለም፣ ወደ ማሳ አይደለም፣ ወደ ሰው ቤትም አይደለም፣ ኮረብታውን ዞሮ እዚያው መኪናው ጋ መመለስ ነው። ሽርሽር። መኪናው ራሱ ቤት ነው፣ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ሽንት ቤት ሳይቀር አለው፣ አማቹ ጎሳዬ ተከራይቶት ከሰፈራቸው ከኖርዝላንድ ሲያወጣው የጎረቤት ቆሻሻ በርሜል ገጭቶ ሄደ፣ ዞሮም አላየ። ምን ያስቸኩለዋል?

ጋሼ፣ አየሩን ይሳቡት እንጂ፣ ኔቸር እኮ ነው፣ ይለዋል ጎሳዬ ከኋላው እያለከለከ፣ ከኮሎምበስ ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ የማትሞላው ይህች ኮረብታ ድሮ ከዌልስ የመጡ ገበሬዎች የሰፈሩባት ናት አለ፣ ጥሩ፣ ይስፈሩ፣ ንጉሤ ለምን አልደወለም?

ንጉሤ ታናሽ ወንድሙ ነው፣ ግርማቸው ለዓይኑ ሕክምና አሜሪካ መጥቶ በኮሮናው ሰበብ ልጁ ቤት ሲቀር፣ በሬዎቹንም መሬቱንም የያዘለት እሱ ነው፣ በየእሑዱ ይደውላል፣ አንዱ በሬ አነከሰ ይላል፣ ዝናቡ ዘገየ ይላል፣ ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ፣ ወሬ አያውቁበትም፣ ዝምታውም ይበቃቸዋል። ያለፈው እሑድ ግን ምንም። ኔትወርክ ይሆናል አባባ፣ አለችው ልጁ መዓዛ፣ ስልኩንም ወሰደችው፣ አፕዴት እያደረገ ነው፣ ዛሬም አፕዴት እያደረገ ነው፣ ምን ዓይነት አፕዴት ነው እንደ እርግዝና የማያልቅ።

ታሞ ይሆናል። አይደለም፣ ቢታመም ኖሮ ጸልዩለት ይባል ነበር፣ ቸርቹ በሙሉ ስሙን ይጠራ ነበር። ማንም ስሙን አይጠራም። ሞርስ ሮድ ያለው የሐበሻ ሱቅም አልወሰዱትም በዚህ ሳምንት፣ ባለሱቋ ሰርካዲስ የሀገር ልጅ ናት፣ አፏ አይያዝም፣ እግዜር ያጽናዎ ብላ እንዳታፈርጠው ነው? እግሩ ይፈጥናል። ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ፣ እኔ ኡበር ነጂ ነኝ፣ እግር ድሮ ነበረኝ፣ ይላል ጎሳዬ፣ ይስቃልም፣ ሳቁ ቶሎ ያልቃል።

መኪናው ውስጥ ሙቀት አለ። መዓዛ በዚያች ጠባብ ምድጃ ጥብስ ሠርታለች፣ ጠቅልላ ታጎርሰዋለች፣ ይብሉ አባባ፣ ይቺን ብቻ፣ በሞ... ትላለች፣ ትውጠዋለች። በሞቴ ማለት ልማዷ ነው፣ ዛሬ አልወጣትም። ማታ ስንመለስ የቸርች ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ ትላለች ወደ ምድጃው ዞራ። ለምን? እንዲሁ፣ ሊጠይቁዎት።

እጁ ሳህኑ ላይ ይቆማል። ይህን ያውቀዋል። የጎረቤቱ ልጅ ከተማ ሞቶ፣ ሽማግሌዎቹ ሊያረዱ ከመግባታቸው በፊት አባትየውን ቁጭ ብሎ ያበላው እሱ ነው፣ ብላ እንጂ፣ ምን ሆነሃል ብላ፣ ከሰማ በኋላ እህል አይቀምስም ብሎ፣ ሰውየውም በላ፣ ስለ ጥጃው እያወራ በላ፣ እየሳቀ።

ስለዚህ እኔንም እያበሉኝ ነው።

ሳህኑን ቢገፋውስ? ካልበላ አይነግሩትም፣ ካልነገሩት ንጉሤ አለ፣ እስከ ማታ አለ፣ በሬዎቹን ውኃ ያጠጣል፣ ደግሞ ነገ ሌላ ኮረብታ ይሂዱ፣ ይራመዱ፣ ይራመዱ፣ ለምን አይራመዱም። ጎሳዬ መስኮቱን ያያል፣ ውጪ ካፊያ እንጂ ምንም የለም። መዓዛ ጀርባዋን ሰጥታ የታጠበ ድስት ታጥባለች፣ ሕፃን ሆና በንጉሤ ትከሻ ላይ ነው ያደገችው፣ ለአጎቷ ሳታለቅስ ሳምንት ሙሉ ሥራ ሄደች፣ ኢስተን በምትሠራበት ሆቴል አልጋ አነጠፈች፣ ለእኔ ስትል ሳቀች፣ እስከ ማታ እንዴት ትችለዋለች፣ ያችን ቃል ከሽማግሌዎቹ አፍ ምን አስጠበቀኝ።

ወሰነ። ጥብሱን በላ፣ ሁሉንም፣ በውኃ አወረደው፣ እጁን ጠረገ፣ ከዚያ በጠባቡ ወንበር ላይ ጠጋ ብሎ ለልጁ ቦታ ለቀቀላት።

ድስቱን ተይውና ነይ ተቀመጪ፣ አላት። በልቻለሁ። ንጉሤን የት ቀበሩት?