ከስር የተነጠፈው ድምፅ

ሚጣ ማዳመጫውን በወንድሟ ራስ ላይ አድርጋ ግራና ቀኙን ስታስተካክል ጣቶቿ የጆሮውን ጫፍ ነኩት። ቀዝቅዟል። ዝናቡ መንገድ ላይ ነበር የያዘው።

“ጠበቀህ እንዴ ጋሼ?”

“ኧረ ተመችቶኛል። ተይው።”

ሚጣ አርባ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት ናት፤ ነገር ግን ለቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች የልጅነት መጠሪያዋ እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። ውድ ውድ የድምፅ ዕቃ በሚሸጥበት በዚህ ሱቅ በሻጭነት ተቀጥራ ዓመታት አልፈዋል። ሱቁ ከፊት ለፊት ሲያዩት ጠባብ ነው። ከኋላው ግን ግድግዳዋ በስፖንጅ የተለበጠ፣ በሯ ሲዘጋ የመንገዱን ጫጫታ ድርግም የምታደርግ አንዲት የማዳመጫ ክፍል አለች። ወንድሟ የተቀመጠው እዚያች ክፍል ውስጥ ባለው የቆዳ ወንበር ላይ ነው። የሙዚቃ አቀናባሪ ነው፤ ያውም ስም ያለው። አዲስ ስቱዲዮ ሊከፍት ስለሆነ ለራሱ የሚሆን ደህና ማዳመጫ ሊመርጥ መጥቷል። እህቱ የት እንደምትሠራ ከድሮም ቢያውቅ እግሩ ይህን ደጃፍ ሲረግጥ ገና የመጀመሪያው ነው። ሚጣ ሲገባ ባየችው ጊዜ ደስ ብሏት ወንበሩን በእጅጌዋ ጠርጋለት ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሌሎች ማዳመጫዎች ተራ ይጠብቃሉ።

“እኔ በአሮጌው ያረጀሁ ሰው ነኝ” አለ ወንድሟ። “የአዲሶቹን ስማቸውን እንጂ ውስጣቸውን አላውቀውም። እስቲ አስረጂኝ።”

“ይሄ ያደረግከው ዳይናሚክ የሚሉት ነው። ሁላችንም ያደግንበት ማለት ነው። ውስጡ ማግኔትና ጥቅል ሽቦ አለ፤ ሽቦው አንዲት ቆብ የመሰለች ነገር እየገፋ ያርገበግባታል። እንደ ትንሽ ከበሮ አስበው። ቤዙ ያምራል፣ ሞቅ ያለ ነው። ግን የምትገፋዋ ነገር ክብደት ስላላት ደቃቅ ደቃቁ ላይ ትንሽ ይደነቁራል።”

“ጥቁሩስ?”

“ፕላነር ነው። እሱ ከበሮ የለውም። ስስ ሆኖ የተወጠረ ነገር ላይ ሽቦው እንደ ጥልፍ ተዘርግቶ በማግኔቶች መሀል ይንቀጠቀጣል። ጠቅላላ ገጹ እኩል ስለሚንቀሳቀስ ድምፁ ንጹሕ ነው። ምን ዋጋ አለው፣ ይከብዳል። አንገት ይፈትናል።”

“ይሄ ከነሳጥኑ የመጣውስ?”

“ኤሌክትሮስታቲክ። ሳጥኑ ማጉያው ነው፤ ያለሱ ትንፍሽ አይልም። ውስጡ ከፀጉር የሚሳሳ ፕላስቲክ ነው ያለው። በሁለት ወንፊት መሀል በኤሌክትሪክ ኃይል ነው የሚርገበገበው። ክብደት የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የሚያመልጠው ነገር የለም። ዘፋኝ ምራቁን ሲውጥ ሳይቀር ትሰማለህ።”

“ሐሜተኛ ነዋ!” ብሎ ወንድሟ ሳቀ።

እሷም ሳቀች። ከእሱ ጋር አብራ ከሳቀች ቆይታለች።

“በል በምን ልሞክርልህ? እዚህ የተጫነ ሙዚቃ አለን።”

“የሰው ዘፈን ምን ያደርግልኛል? የራሴን ሥራ ጥርሱን ቆጥሬ አውቀዋለሁ።” ከኪሱ ትንሽ ፍላሽ አውጥቶ ሰጣት። “የማር ጉሮሮን ክፈቺው።”

ማር ጉሮሮ ሕዝቡ ለዘፋኟ ያወጣላት ስም ነው። ስም ያሰጣት ደግሞ ይኸው ዘፈን ነው። ወንድሟንም ሰው ያደረገው እሱ ነው። ሚጣ ፍላሹን ይዛ ትንሽ ዘገየች። ከዚያ ሰካችው።

ይህን ዘፈን መጀመሪያ የዘፈነችው ሚጣ ነበረች። ያኔ ወንድሟ ስቱዲዮ ብሎ የሚጠራው የራሱን መኝታ ቤት ነበር፤ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ቸንክረው፣ እናታቸውን “ድስት እንዳታንኳኪ” ብለው ለምነው ነበር የቀዱት። ሚጣ በዚያ ቀን ጉንፋን ይዟት ስለነበር “ብትመጣም ባትመጣም በሩን አልዘጋም” የሚለው ስንኝ ጋ ስትደርስ፣ “አልዘጋም” ከማለቷ በፊት ሳል መጣባትና ውጣው ዘለቀች። ድገሚው ሳይላት ተቀበላት። ሳምንታት ቆይቶ ግን አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለና፣ “ሚጣዬ፣ ድምፅሽ ማይክራፎን አይወድም። ብዙ ታገልኩት፤ አልሆነም። አጠፋሁት” አላት። እንደ ሐኪም በቀስታ ነበር የነገራት። ዘፈኑ ለሌላ ተሰጠ፤ በየታክሲው፣ በየምግብ ቤቱ ገባ። ሚጣ ከዚያ ወዲህ ዕቃ ስታጥብ እንኳ አላንጎራጎረችም። ዘፈኑ በሬዲዮ በመጣ ቁጥር ግን ጉሮሮዋን አንድ ነገር ሲጥ ያደርጋታል። ተነስታ ታጠፋዋለች። እናቷ ይህን እያየች፣ “ቅናት አጥንት ያነቅዛል ልጄ። የገዛ ወንድምሽ ነው እኮ” ትላታለች። ሚጣም አመነች። በአጥንቷ ውስጥ ነቀዝ እንዳለ አምና፣ በራሷ እያፈረች ስትኖር ከረመች።

ወንድሟ በመጀመሪያው ማዳመጫ ዘፈኑን ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። በጣቱ የወንበሩን ክንድ ይመታል። “ይሄማ ቤቴ ነው!” አለ ጮክ ብሎ፤ ማዳመጫ ያደረገ ሰው እንደሚጮኸው። በጥቁሩ ሲሰማ ጣቱ ቆመ። ግንባሩን ቋጠረ፤ ግን እስከ መጨረሻው ሰማው። “ከባድ ነው፤ አንቺ እንዳልሽው” አለና አወረደው።

ሦስተኛውን ራሷ አደረገችለት። ማጉያው እስኪሞቅ ጠበቁ። ዘፈኑ ተጀመረ። ሚጣ በዚህ ማዳመጫ የሰው ፊት ሲለወጥ ማየት ትወዳለች፤ መጀመሪያ አፍ ይከፈታል፣ ከዚያ ዓይን የሌለ ሰው ፍለጋ ክፍሉን ይዞራል። የወንድሟ ዓይን የትም አልዞረም፤ ቀጥ ብሎ እሷ ላይ አረፈ። ወዲያው አዝማቹ ሳያልቅ ማዳመጫውን ከራሱ ላይ መንጭቆ አነሳው።

“ደረቅ ነው። አልወደድኩትም።”

“እንዴ ጋሼ! ይሄን እኮ ሰው ለምነነው ነው የሚያወርደው።”

“አልሆነኝም አልኩሽ። ዝጊው።”

“ቆይ ገመዱ ላልቶ ይሆናል፤ እኔ ልየው።”

“ግዴለም ሚጣ፣ ተይው!”

ድምፁ ከልክ በላይ ከፍ አለ። ሚጣ ግን ማዳመጫውን አድርጋው ነበር፤ ለእሱ ብላ፤ ወንድሟ ፊት የተበላሸ ዕቃ አቅርባ እንዳታፍር። ዘፈኑ አልቆመም። ማር ጉሮሮ መሀል ላይ ቆማለች፤ ጣፋጭና ቀጭን። ሚጣ ቀኝና ግራውን ለማመዛዘን ዓይኗን ከደነች። ያን ጊዜ ከዘፋኟ ድምፅ ስር፣ ምንጣፍ ከእግር ስር እንደሚነጠፍ፣ ሌላ ድምፅ ተነጥፎ ሰማች። ወፈር ይላል። ዘፋኟ ስትነሳ ይነሳል፣ ስትወድቅ ይደግፋታል። ሚጣ መጀመሪያ አላወቀችውም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። “ብትመጣም ባትመጣም በሩን…” አሉ ሁለቱም አንድ ላይ። ከዚያ ዘፋኟ ዝም ብላ ሳለ፣ ከስር አንድ ሰው ሳሉን ዋጠ።

“አልዘጋም።”

ሚጣ ወደ ኋላ መለሰችው። ደግማ ሰማችው። አሁንም መለሰችው። በየታክሲው ጉሮሮዋን ሲጥ ሲያደርጋት የኖረው ነገር ምን እንደነበረ አወቀች። ጉሮሮዋ ነበር፤ ራሱን አውቆ።

ማዳመጫውን በጥንቃቄ አውርዳ መስቀያው ላይ አኖረችው። 

“አጠፋሁት ብለኸኝ ነበር።”

ወንድሟ የስፖንጁን ግድግዳ ያያል። “አብዛኛውን አጥፍቼዋለሁ።”

“አልጠፋሁም ጋሼ። ሁሉም ቦታ አለሁ።”

“ምን ላድርግ ሚጣ? እሷ ብቻዋን ቀጭን ሆነችብኝ። ካንቺ ጋር ስደርባት ነው ማር የሆነችው። ሰው ሁሉ እንዲህ ይሠራል፤ አዲስ ነገር አይደለም።”

“እሱን አልጠየቅኩህም። ለምን ድምፅሽ አይሆንም አልከኝ?”

  መልሱ ሲመጣ ክፋት አልነበረበትም፤ እንደ ሒሳብ ነበር የተናገረው።

“ጎበዝ ነሽ ብልሽ ኖሮ ስምሽን ትጠይቂኝ ነበር።”

ሚጣ ማጉያውን አጠፋችና ፊቷን ወደ እሱ መለሰች። 

“እማዬ ቀናተኛ ስትለኝ አንተ ገበታው ላይ ነበርክ። ጎኔ ተቀምጠህ ነው የሰማኸው።”

“እና እዚያ መሀል ምን እንድል ፈለግሽ?”

“ምንም። ያው ምንም አላልክም።”

ወንድሟ ተነሳ። ኮቱን አስተካከለ፣ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። ያ ሰውን የሚያባብልበት ድምፁ ተመለሰ። “ያለፈን ነገር ቆፍረን ምን እናገኛለን? ይልቅ አዲሱ ስቱዲዮ ሲከፈት ነይ። የማር ጉሮሮ ሁለተኛ አልበም አለ፤ እንዳንቺ ያለ ድምፅ እፈልጋለሁ። ከስርም ቢሆን ሥራ ሥራ ነው። ለእማዬ ግን ይሄን ነገር አታንሺባት፤ ደም ግፊቷን ታውቂያለሽ።”

ሚጣ ከእጁ ስር ትከሻዋን አወጣች። ከዓመታት በኋላ የመጣላት ጥሪም ያው ከስር እንድትዘፍን ነበር።

“የትኛውን ትወስዳለህ?” አለችው።

“የመጀመሪያውን።”

“ለቅንብር ሥራ እሱ ደቃቅ ደቃቁን ይሸፍንብሃል። ነግሬሃለሁ።”

“ሞቅ ያለውን ነው የምወደው” አለ ወንድሟ፤ ዓይኗን ሳያይ።

የመረጠውን በካርቶኑ ይዛ ወደ ፊት ወጣች። ወንድሟ ተከተላት። ከማዳመጫ ክፍሏ ሲወጡ የመኪናው ጥሩምባና የዝናቡ ድምፅ እንደ ውኃ ደፈቃቸው። ባለሱቁ ከባንክ ተመልሶ ጃንጥላውን በሩ ላይ እያራገፈ ነበር። ሁለቱን አይቶ ፊቱ በፈገግታ ተሞላ።

“ይቺን ዓይንና ይቺን አፍንጫ ማን ይስታል! ወንድምሽ ናቸው አይደል? በጋዜጣ አይቻቸዋለሁ። ኧረ ምነው ሳትነግሪኝ! ለሠራተኛ ቤተሰብ እኮ ደህና ቅናሽ አለን።”

ወንድሟ ቦርሳውን እያወጣ በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። “እንግዲህ የሚጣ ወንድም መሆን ለዚህ ካልጠቀመ…”

ሚጣ ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

“አይ፣ ተሳስተዋል” አለች ለባለሱቁ። “ደንበኛ ናቸው። በሙሉ ዋጋ ነው የሚወስዱት።”

የባለሱቁ ፈገግታ ፊቱ ላይ ቀረ፤ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሰውየውን ያያል። ወንድሟ የጨዋታ መስሎት ሊስቅ ከጀለ። ፊቷን ሲያይ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ።

“ሚጣ” አለ ዝቅ ብሎ። “አንቱ ልትይኝ ነው?”

እሷ የደረሰኙን ጥራዝ ገልጣ፣ በግልባጩ መሀል ካርቦኑን አስገብታ፣ እስክሪብቶዋን አነሳች። 

“በማን ስም ልጻፍልዎ?” አለችው።