ኩርባው ላይ የሚሻገረው ሰው

የአቶ ወልደሚካኤልን የመኪና ቁልፍ የነጠቋቸው የገዛ ሚስታቸውና የገዛ ልጃቸው ናቸው። ነጠቅናቸው ብሎ ያሰበ ግን በቤቱ አልነበረም። ወይዘሮ አሰጋሽ ቁልፉን ከባላቸው ኮት ኪስ አውጥተው ቁም ሳጥን ውስጥ ሲቆልፉበት "ለራሱ ብዬ ነው" አሉ፤ ማህሌትም አጠገባቸው ቆማ የቁም ሳጥኑን በር ያዘችላቸው።

ነገሩ የጀመረው ክረምት ላይ ነው። አቶ ወልደሚካኤል አቃቂ ካለ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በአሮጌ ኮሮላቸው ልጃቸውን ከሥራ መመለስን እንደ ሁለተኛ ሥራ ይዘውት ነበር። ማህሌት የምትሠራው ሳሪስ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ሲመሽ አባቷ በር ላይ ይጠብቋታል፤ ከዚያ ስለ መንገዱ መጨናነቅ እያማረሩ፣ ስለ ድሮ የሥራ ባልደረቦቻቸው እያነሱ፣ ቃሊቲን አልፈው አቃቂ እስኪገቡ ወሬያቸው አያልቅም። አንድ ዝናባማ ምሽት ግን፣ ከአቃቂ ድልድይ በፊት ያለው ኩርባ ላይ ሲደርሱ፣ ወሬያቸውን መሀል ላይ አቋረጡና ፍሬን ያዙ። መብራታቸውን ዝቅ አደረጉ። አንድ እጃቸውንም ከመሪው ላይ አንስተው፣ ለሆነ ሰው "እለፍ" የሚል ምልክት ሰጡ።

መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።

ማህሌት ማንን እንደሚያሳልፉ ጠየቀቻቸው። አባቷ ተራ ነገር እንደሚያወራ ሰው "መገርሳን ነዋ" አሏት።

አቶ መገርሳ ከአባቷ ጋር ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ምድጃ ፊት የሠሩ ሰው ነበሩ። አንዱ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ ሌላው ሲቀጠቅጥ አብረው ያረጁ ናቸው። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ እዚያው ኩርባ ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በእግራቸው ወደ ቤት ሲሻገሩ መኪና ገጭቶ ገደላቸውና አመለጠ። የገጫቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ከዚያ ዝናባማ ምሽት ወዲህ አቶ ወልደሚካኤል ያንን ቦታ ሲያልፉ መቆም አመጡ። በጠራ ምሽት ደህና ናቸው። ዝናብ ሲኖርና ከፊት ለፊት መኪና ሲመጣ ግን ይቆማሉ፤ ሰውየውን ያሳልፋሉ፤ አንዳንዴም አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ይሰጣሉ። ከኋላ ያሉት ክላክሳቸውን ያስጮሁባቸዋል። አንድ ቀን አንድ ሚኒባስ ከኋላ ሊወጣባቸው ለጥቂት ሲተርፉ፣ ማህሌት አላስቻላትምና ለእናቷ ነገረች።

ዓይናቸውን አስመረመሯቸው፤ ለዕድሜያቸው በጣም ደህና ነው ተባለ። ጸበል ወሰዷቸው፤ ጸጥ ብለው ተጠምቀው ጸጥ ብለው ተመለሱ። በመጨረሻ አንድ ሌላ ሐኪም ጥቂት ጥያቄዎች ጠየቃቸውና፣ የሞተ ሰው ማየት በዚህ ዕድሜ የሚጀምር የአእምሮ ድካም ምልክት ሊሆን እንደሚችል፣ መንዳት እንደሌለባቸውም ለቤተሰቡ አስረዳ። ቁልፉ የተቆለፈበት ያን ዕለት ማታ ነው።

ከቁልፉ በኋላ ሌላው ሌላው ተከተለ። ብቻቸውን ወደ ገበያ መሄድ ቀረ። የግቢው በር ከውስጥ መቆለፍ ጀመረ። እንግዳ ሲመጣ ወይዘሮ አሰጋሽ፣ ባላቸው አጠገባቸው ተቀምጠው እየሰሙ፣ "ዛሬ ደህና ነው፤ ሌሊቱን ጥሩ ተኛ" ይላሉ። አቶ ወልደሚካኤል መጀመሪያ ተቆጡ። ቀጥሎ አንድ ሰሞን አኮረፉ። ከዚያ ተዉት። የሚያነቡትን ጋዜጣ ተዉ፤ ከጎረቤት ጋር መጨዋወት ተዉ፤ እስከ ግቢው በር ለመሄድ እንኳ ሚስታቸውን "ልውጣ?" እያሉ መጠየቅ አመጡ። ያን የመሰለ ብረት ቀጥቃጭ ትከሻ ሶፋው ጥግ ላይ ተሰብስቦ ሲውል፣ የሚያየው ሁሉ በሽታው እየባሰ ነው አለ።

ማህሌት በመሀሉ መንጃ ፈቃድ አወጣች። መኪናው ሸራ ለብሶ ከሚበሰብስ ብላ እሷ ትነዳው ጀመር። በጋው በሰላም አለፈ።

ክረምቱ ገብቶ ትንሽ እንደቆየ፣ አንድ ምሽት ብቻዋን ወደ ቤቷ ስትመለስ ኩርባው ላይ ደረሰች። ያካፋል። ከፊቷ አንድ ገልባጭ መኪና ረጅም መብራቱን እንዳበራ መጣባትና መስታወቱ ባንዴ በብርሃን ተጥለቀለቀ። በዚያ ብርሃን ውስጥ አንድ ነጭ የለበሰ ሰው ከመንገዱ ዳር ተነሥቶ ወደ መሀል ገባ። አልሮጠም፤ አላመነታም። ከወገቡ በታች ውሃ ውስጥ እንዳለ ነገር እየተጥመለመለ፣ ፊቱን ወደ ማዶ እንዳዞረ፣ ቀስ ብሎ በመኪናዋ አፍንጫ ሥር መጣ።

ፍሬኑን ረገጠችው። መኪናው ተንሸራትቶ ቆመ። ገልባጩ አለፈ፤ ጨለማው ተመለሰ፤ ሰውየው የለም።

ወርዳ ተንበርክካ ከመኪናው ሥር አየች። እርጥቡን አስፋልት በእጇ ዳበሰችው። ከኋላዋ የቆመው ሚኒባስ ሹፌር የሚላትን እንኳ አልሰማችም።

ቤት ስትገባ ለእናቷ መንገድ ተዘጋግቶ እንደዘገየች ነገረቻቸው። አባቷ ከሶፋው ጥግ ሆነው ጭቃ የነካውን ጉልበቷን ለረጅም ጊዜ አዩት። ወይዘሮ አሰጋሽ ወደ ጓዳ ሲገቡ ጠብቀው፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ "አየሽው አይደል?" አሏት።

"ማንን አባዬ?" አለቻቸው።

አቶ ወልደሚካኤል ራሳቸውን ነቀነቁና ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሱ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም። ያስጨነቃት የሞተ ሰው መምጣቱ አይደለም። ያስጨነቃት፣ በሽታው በደም የሚወረስ ቢሆንስ የሚለው ነው። ከዚያ በኋላ ሥራ ላይ የአንድ መድኃኒት ስም ለአፍታ ከጠፋት በላብ ትጠመቅ ጀመር። ደንበኛ የነገራትን ከረሳች፣ የት እንዳስቀመጠችው የማታውቀው ቁልፍ ካለ፣ ጀመረኝ ትላለች። በሌላ ዝናባማ ምሽት ደግሞ አየችው፤ በሦስተኛውም። ያው ቦታ ነው፤ ያው ጋቢ፤ ያው ወደ ማዶ የዞረ ፊት። ለማን ትንገር? ለእናቷ ብትነግር ቁም ሳጥኑ ውስጥ የሚቆለፍበት የማን ቁልፍ እንደሚሆን ታውቀዋለች።

ዩምና አብራት መድኃኒት ቤቱ ውስጥ የምትሠራ ጓደኛዋ ናት፤ ወላጆቿ ከወሎ መጥተው አቃቂ በሰቃ ሱቅ ከፍተው ነው ያሳደጓት። አንድ ምሽት ዝናቡ ሲያይልባት አድርሺኝ አለቻት። ማህሌት ሰበብ ፈለገች፤ አጣች፤ ይዛት ሄደች። ኩርባው ላይ አንድ አውቶቡስ ከፊት መጣ፤ ብርሃኑ መስታወቱን ሞላው፤ ሰውየው ተነሣ። ማህሌት ፍሬን ስትይዝ ዩምና ከዳሽቦርዱ ጋር ለጥቂት ሳትጋጭ ቀረች።

"አይታይሽም?" አለቻት ማህሌት።

"ምኑ?"

ማህሌት መኪናውን ጥግ አስይዛ ፍሬቻውን አበራችና መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረቻት፤ የአባቷን፣ የቁልፉን፣ የራሷን። ዩምና እስከ መጨረሻው ሳታቋርጣት ሰማችና ቦታ እንቀያየር አለቻት። መንዳት አትችልም፤ ብቻ ጓደኛዋ ከተቀመጠችበት ሆና ማየት ፈልጋ ነው። ዝናቡ ውስጥ ዞረው ተቀያየሩ፤ ሌላ መኪና እስኪመጣ ጠበቁ።

መኪና መጣ። ዩምና የማህሌትን ክንድ ጨምድዳ ያዘችው። ቆይታ "ነጭ ለብሷል" አለች በሹክሹክታ።

አሁን ሁለት ሆኑ። ማህሌት አላበድኩም ብላ ልትደሰት ሲገባት፣ የሆነ ብርድ ከጀርባዋ ተነሥቶ እስከ ማጅራቷ ወጣ። ሁለት ሰው ካየው እውነት ነው ማለት ነው። እውነት ከሆነ ደግሞ ጋሼ መገርሳ እዚያ ዝናብ ውስጥ ቆመው ነው ያሉት።

ዩምና ከእሷ ይልቅ ደፋር ናት። ሌላ መብራት ከሩቅ ሲመጣ አየችና፣ ልትጠራቸው አስባ ሳይሆን አይቀርም፣ የጎኗን መስኮት ዝቅ አድርጋ አንገቷን ወደ ውጭ አወጣች። "አባባ—" ብላ ጀመረችና ዝም አለች። አንገቷን አስገባች። እንደገና አወጣች። እንደገና አስገባች።

"ነይ እዚህ" አለቻት። "በመስኮቱ እይ። ከዚያ በመስታወቱ እይ።"

ማህሌት በላይዋ ተንጠራርታ በመስኮቱ አየች። ከመንገዱ ዳር አንድ የሲሚንቶ ምሰሶ ቆሟል፤ ከግማሹ በታች ኖራ ተቀብቷል። በፊት መስታወቱ በኩል ስታየው ምሰሶው የለም። በቦታው፣ ወደ መንገዱ ገባ ብሎ፣ ነጭ የለበሰ ሰው ይንቀጠቀጣል።

መስታወቱ ነው። ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ፣ ኮረት ከጫነ መኪና የተፈናጠረ ድንጋይ የፊት መስታወቱን ሰነጠቀውና አባቷ በርካሽ የተገኘ ሌላ አስገጠሙ። ቀን ቀን ልብ ብሎ ላየው፣ በሾፌሩ በኩል የመብራት ሽቦዎች ጎበጥ ብለው ይታያሉ፤ ማንም ልብ አላለውም። ማታ፣ ውሃና ብርሃን ሲጨመርበት ነው እንዲህ የሚሆነው። ጋቢና ለተቀመጠ ሰው ደግሞ አይታይም፤ በዚያ በኩል ያለው ደህና ነው።

ዩምና መሳቅ ጀመረች፤ ማህሌትም አብራት ሳቀች፤ የሁለቱም ሳቅ መንቀጥቀጥ ነበረበት። ከዚያ ማህሌት አባቷ ትዝ አሏትና ሳቋ ባንዴ ቆመ።

እራት ላይ ነገረቻቸው። ወይዘሮ አሰጋሽ "ሐኪሙ እኮ ነው ያለው" አሉ። ጥቂት ቆይተው ደገሙት፤ ለማን እንደሚናገሩ ግን አይታወቅም። አቶ ወልደሚካኤል የያዙትን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሱ።

"ምሰሶ ነው?" አሉ።

"ምሰሶ ነው አባዬ።"

ደስ የሚላቸው መስሏት ነበር፤ አላላቸውም። ሄጄ ልየው ብቻ አሉ። በማግስቱ ሲዘንብ ሦስቱም ሄዱ። መኪናው ጥግ ይዞ ሲቆም አቶ ወልደሚካኤል ከዓመት በኋላ መሪው ፊት ተቀመጡ። አንድ መኪና አለፈ፤ በመስታወቱ አዩ። ሌላው ሲመጣ መስኮቱን ከፍተው ራሳቸውን አወጡ፤ ዝናቡ መላጣቸውን መታው። እንዲህ እያደረጉ ብዙ መኪና አሳለፉ። ወይዘሮ አሰጋሽ ከኋላ ወንበር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል።

በመጨረሻ መስኮቱን ዘጉትና፣ ዘወር ሳይሉ፣ "እኔስ በመስታወት ነው ያየሁት" አሉ። "እናንተ እብድ ያያችሁት በምንድን ነው?"



የዩምና ታላቅ ወንድም መንሱር ሳሪስ ጋራዥ አለው፤ መስታወቱን ነቅሎ ደህናውን የገጠመው እሱ ነው። የተነቀለውን ለሌላ ሰው ይሆናል ብሎ ግድግዳ ሊያስደግፍ ሲል አቶ ወልደሚካኤል መዶሻ እንዲያውሳቸው ጠየቁት። መስታወቱን መሬት ላይ አስተኝተው መቱት። አልተበተነም፤ በተመታበት ቦታ ሁሉ እየነጣ፣ እየጎደጎደ፣ እንዳለ ተያይዞ ቀረ። በቀድሞ ክንዳቸው፣ ያለፈው ዓመት ሁሉ የጠፋ በመሰለው ክንድ፣ ደጋግመው ቀጠቀጡት። መንሱር "ይበቃዎታል አባባ" እስኪላቸው ድረስ አላቆሙም። ሲያቆሙ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ማህሌት ፊታቸውን ላለማየት ወደ መንገዱ ዞረች።

ቁልፉ ተመለሰላቸው። ቀን ቀን ይነዳሉ፤ ወይዘሮ አሰጋሽን ቤተ ክርስቲያን ያደርሳሉ፤ ጋዜጣቸውንም ያዙ። ማታ ግን መሪ አልነኩም። ከቤት ሲወጡ ደግሞ አሁንም "ልውጣ?" ይላሉ። ወይዘሮ አሰጋሽ "አንተን ማን ይከለክልሃል?" ብለው እንባቸው ይመጣል፤ በማግስቱ ያው ጥያቄ ይጠየቃል። ይህን የሚፈታ ጋራዥ አልተገኘም።

አንድ የጥቅምት ምሽት ማህሌት እየነዳች፣ አባቷ ጎኗ ተቀምጠው፣ በኩርባው በኩል አለፉ። ዝናብ የለም፤ መስታወቱ ጥርት ያለ ነው። ምሰሶው ምሰሶ ሆኖ ቆሟል። እሷ ግን ሳታውቀው እግሯ ፍሬኑ ላይ ሄዶ ነበር።

አባቷ አዩ፤ ግን አልሳቁባትም።

"ያን ሁሉ ምሽት ቆሜ ሳሳልፈው" አሉ፣ "አንድ ቀን እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም። በምን አስቀይሜው ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ከቁልፉ ይልቅ እሱ ነበር የከነከነኝ።"

"አሁንስ ቀለለህ አባዬ?"

"ቀለለኝ" አሉ። ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ፣ እሷ ወሬው ያበቃ መስሏት ሳለ፣ "ቢሆንም በእውነት እሱ ራሱ ቢሆን ይሻለኝ ነበር" አሏት።