የኔታ ስልክ የተሳለሙበት ሐሙስ

ደቅ ደሴት ላይ ነርስ ሆኜ ስሠራ አራት ዓመቴ ነው፤ እንደ የኔታ ሀብተ ሥላሴ ያሉ ግትር በሽተኛ ግን ገጥመውኝ አያውቁም። ዕድሜ ልካቸውን ድጓ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል፤ እንደማይድኑ ያውቃሉ፤ ይህንንም በእርጋታ ነው የሚናገሩት። የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ሲነሣ በእጃቸው አቅፈው ሊዘምሩለት። ሕመሙ ግን ቁጭ ማለት እንኳ ከልክሏቸዋል።

መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም። ዶክተር ግሩም በየሐሙሱ ባሕር ዳር ሆኖ ለሃያ ሦስት የገጠር ነርሶች በስልክ ቪዲዮ ስቃይ ማስታገስን ያስተምረናል። የሞርፊን ሽሮፕ በየአራት ሰዓቱ መሰጠት እንዳለበት የተማርሁት እዚያ ነው። የኔታ ግን ሁዳዴ ነውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፋቸው ምንም አይገባም። ላብ በላብ ሆነው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ይጠብቃሉ።

"የኔታ፣ ለበሽተኛ እኮ ተፈቅዷል" ብላቸው፣

"ፈቃጂዋ አንቺ ነሽ፣ ሰብለ?" አሉኝ።

ተናደድሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ።

ፈቃጁ የንስሐ አባታቸው አባ ፍሬ ስብሐት ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ዓይናቸውን ሊታከሙ ባሕር ዳር ሄደዋል። ይህን ትምህርቱ ላይ ሳነሣ ዶክተሩ ስለ መድኃኒቱ መጠን ማብራራት ጀመረ። የዱርቤቴዋ ነርስ አገርነሽ ከአፉ ነጠቀችው።

"ታዲያ አባን ወደ ትምህርቱ አምጣቸዋ!"

በሳምንቱ፣ ክርስትናው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የኔታን ከነአልጋቸው ተሸክመን ኔትወርክ ወደሚገኝበት ዋርካ ሥር አወጣናቸው። አባ ፍሬ ስብሐት አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ ስልኬ ላይ ብቅ አሉ።

"ሀብተ ሥላሴ፣ መድኃኒትህን በሰዓቱ ጠጣ። ፈትቼሃለሁ" አሉና መስቀላቸውን ወደ ካሜራው አስጠጉ።

የኔታ ጎንበስ ብለው ስልኩን ተሳለሙ። መጀመሪያ በግንባራቸው፣ ቀጥሎ በከንፈራቸው። ከንፈራቸው ቀዩን የመዝጊያ ምልክት ነካውና አባ ድርግም ብለው ጠፉ።

የኔታ ደነገጡ። "አየሽ፣ አዘኑብኝ!" ብለው ያቀረብሁላቸውን የመድኃኒት ጠርሙስ ገፉት።

ሳቄ አመለጠኝ። "የኔታ፣ እርስዎ ነዎት እኮ የዘጉባቸው!"

መልሼ ስደውል ኔትወርኩ እምቢ አለ፤ ያኔ ሳቄም ጠፋ። በአራተኛው ገባልኝ። ነርሶቹ ሁሉ ይንከተከታሉ፤ አባ ግን ፈገግም አላሉ።

"ስትሳለም አይቻለሁ፤ በረከቱ ደርሶሃል። ጠጣ ስልህ!"

የኔታ ሁላችንም እያየናቸው ጠጡ። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ተኩል ነበር።

እሑድ ሕፃኑ ተጠምቆ፣ ቆርቦ ወጣ። የኔታ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው አቀፉትና ዜማውን ጀመሩ። ድምፃቸው መጀመሪያ ሻከረ፤ ከዚያ እንደ ድሮው ከፍ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ እያጨበጨብሁ፣ ሥራዬንም ሰዓቱንም ረስቻለሁ።

ድንገት ዜማው ቆመ።

"አንቺ ሰብለ!" አሉ የኔታ፣ ሕፃኑን ደረታቸው ላይ እንዳስተኙ። "ከጠጣሁ አራት ሰዓት ሆኗል እኮ! መድኃኒቴስ?"

ሮጬ አመጣሁላቸው። ጠጡ፤ ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጠርገው ዜማውን ካቆሙበት ቀጠሉ።