ከጀርባው ክዳን ሥር

«ትንሽ እንኳ ተጫወቺለት እንጂ» አለች ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት፣ ባዶ የሻይ ብርጭቆዎችን ከወንበሮቹ ሥር እየለቀመች። «ደግሞ ማን አስተማረሽና? እሱ አይደል?»

ግድግዳውን ተጠግተው የተቀመጡት ለቀስተኞች ወደ ሚጣ ዞሩ። ታላቅ ወንድሟ ከተቀበረ ጀምሮ ከጓዳ ሳሎን ስትመላለስ ልብ ብሎ ያያት ሰው አልነበረም፤ እሷም ይህንን ወዳው ነበር።

«ከተውኩት ቆየ» አለች።

«እኛ አለንልሽ» አለ ቀውላላው። የወንድሟ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ነው፤ ከቁመቱ የተነሳ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሳይሆን የታጠፈ ይመስላል። «ነገ ከሰዓት፣ ሰው ከመበተኑ በፊት፣ ያን ይወደው የነበረውን ዜማ ብቻ። የእሱን ጊታር አውጪና እንሞክረው።»

«የእሱን አልነካም። የራሴ አለኝ።»

እናቷ ከሶፋው ጥግ ቀና አሉ። «የሷን ጊታር እኮ እንደ ልጅ ነበር የሚይዝላት» አሉ ለሁሉም እንዲሰማ። «አንድ ቀን እንኳ ሌላ ሰው እንዲከፍተው ፈቅዶ አያውቅም።»

በማግስቱ ጠዋት ጊታሩን ከቁም ሣጥን አናት ላይ አወረደችው። የወንድሟ ክፍል ገብታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ከትንሿ አምፕሊፋየር ጋር አገናኘችው። የቶኑን ማዞሪያ ስታዞረው አሸዋ የገባበት ይመስል ተንጫጫ። እስከ አሥር ከፈተችውና ክሮቹን መታች። ያው የድሮው ድምፅ ነው፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው ድምፅ። ይኸው እኔ፣ አለች በልቧ።

ወንድሟ ጊታር ያስያዛት ገና ልጅ ሳለች ነበር። በርጩማ ስቦ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል። «ፒካፕ ማለት ጆሮ ነው። አንገቱ አጠገብ ያለው ወፍራሙን ይሰማል፤ ክሮቹ የታሰሩበት ብሪጅ አጠገብ ያለው ሹሉን። ቮልዩም በር ነው። ቶን መጋረጃ ነው። ገባሽ?»

«ገባኝ ጋሼ። ሁሉንም አሥር ላይ ባደርገውስ?»

«ጎረቤት ድንጋይ ይወረውርብናል። ሰባት ላይ ተጫወቺ፤ ሦስቱን ለጠብ ቀን አስቀምጪ።»

ጨርሳ ገመዱን ልትነቅል ስትጣደፍ ደግሞ እጇን ይይዛታል። «መጀመሪያ ቮልዩሙን ዜሮ አድርጊ። ክፍቱን ከነቀልሽው ይጮኻል። ሰው አታስደንግጪ።»

አድጋ በእሱ ባንድ ውስጥ ሁለተኛ ጊታር ተጫዋች ሆነች። ከዚያ ሌላ ባንድ መሪ ጊታር ተጫዋች ፈልጎ ለፈተና ጠራት። ያን ቀን ጊታሯን ተሸክሞ ታክሲው ድረስ የሸኛት፣ ግንባሯን የሳማት ወንድሟ ነው። እዚያ ስትደርስ የብሪጁን ፒካፕ መረጠች፤ ቮልዩሙንም ቶኑንም እስከ ጥግ ከፈተች። ከበሮው ሲገባ ግን ከራሷ በቀር የሰማት የለም። የባንዱ መሪ ክፉ ሴት አልነበረችም። «እጅሽ ጎበዝ ነው» አለቻት። «ድምፅሽ ግን ከግድግዳ ጀርባ ነው የሚመጣው።»

ወንድሟ ሳይተኛ ጠበቃት። «አይዞሽ ሚጣዬ። ድምፅ ያለው ጣት ላይ ነው፤ ሁሉም የየራሱን ይዞ ይፈጠራል።»

ጣቶቿን አየቻቸውና አመነችው። ቆይታም በአንድ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ተቀጠረች። እዚያ ድምፅ የሚጠይቃት ሰው አልነበረም።

አሁን የሚንጫጫውን ማዞሪያ ለማጽዳት የጊታሯን የጀርባ ክዳን ብሎኖች ፈታች። የእሱ ጊታር ሲጠገን ባትሪ እያበራች ስላደገች የሽቦዎቹን መንገድ ታውቀዋለች። ከፒካፖቹ ወደ ቮልዩሙ፣ ከቮልዩሙ ወደ ቶኑ፣ ከቶኑ ሹሉን ድምፅ በምታፈስስ አንዲት ትንሽ ካፓሲተር አልፎ ወደ መሬት ሽቦው። በእሷ ጊታር ውስጥ ግን ሁለት ካፓሲተር ነበር። ሁለተኛዋ ወደ ቶኑ ሳትደርስ፣ ከቮልዩሙ እግር በቀጥታ ወደ መሬት ሽቦው ተበይዳለች። መጋረጃው ተቸንክሮ ኖሯል። ማዞሪያው ዞረ አልዞረ፣ ሹሉ ድምፅ ገና ሳይወጣ ይፈስሳል።

ብየዳው ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ብሎበታል። ወንድሟ ሌላ ሰው ነክቶት እንደሆነ ለማወቅ በሥራው ሁሉ ላይ የሚያደርገው ምልክት ነው። ቀለሙ የእሷ ነበር። «አንድ ጠብታ፣ ለሥራ ነው» ብሎ ሲለምናት ከነብልቃጡ ሰጥታዋለች።

ቀውላላው አምፕሊፋየሩን ወደ ሳሎን ሊወስድ ገብቶ አልጋው ላይ የተከፈተውን ጊታር አየ። በሩን መለስ አደረገው።

«ታውቅ ነበር?» አለችው።

በርጩማው ላይ ቀስ ብሎ ታጠፈ። «ሁለት ጊታር አንድ ዓይነት ድምፅ ካወጣ ይጋጫል ሚጣ። አንደኛው ደብዘዝ ማለት አለበት። እንደዚያ ነው ያለን።»

«ያለን? ሁላችሁንም?»

ቀውላላው የአምፕሊፋየሩን ገመድ መጠቅለል ጀመረ።

«እሺ፣ ከእሱ ጋር ስጫወት እንጋጭ። የፈተናው ቀን ከማን ጋር ነው የምጋጨው?»

«ንገራት ብዬዋለሁ፣ እናቴ ትሙት። ‹ስትመለስ አወጣዋለሁ› አለኝ።»

«ስመለስ?»

«አዎ።»

«ታክሲው ድረስ ተሸክሞልኝ ነበር እኮ።»

ከሳሎኑ አንድ ሰው «እንደሱ ያለ ወንድም ከየት ይገኛል» ሲል ይሰማል። ቀውላላው መሬት መሬት እያየ «ለእናትሽ አትንገሪያቸው» አለ።

«እናንተ ለእኔ እንዳልነገራችሁኝ?»

እሱ አምፕሊፋየሩን ይዞ ሲወጣ የጥፍር መቁረጫ አነሳች። የካፓሲተሯን ሁለት እግሮች ቆረጠችና ኪሷ ከተተቻት። ተጫውታ ስትጨርስ አውጥታ ልታሳያቸው ነው። ይህን ሁሉ ምስጋና የሚያዥጎደጉዱለት ሰዎች ይዩት፤ እናቷም ይዩት።

ከሰዓት ሳሎኑ ሞልቶ ነበር። ቮልዩሙን ሰባት ላይ አደረገችና ጀመረች።

የመጀመሪያው ድምፅ ራሷን አስደነገጣት። ጥርት ያለ፣ ጠርዝ ያለው፣ ወንበሮቹን አልፎ ኮሪደሩ ድረስ የሚደርስ ድምፅ ነበር። እጇ ሊቆም ቃጣውና ቀጠለ። ቀውላላው ከሥር በቤዝ ሊከተላት ሞከረና ተወው። ሻይ የያዘ ሰው ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ ቀረ። ይህ ሁሉ በዚህ እንጨት ውስጥ፣ በእነዚህ ጣቶች ላይ ነበር።

እናቷ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«ልጄ ነው» አሉ። «ስሙት፣ እሱ እኮ ነው። ቁርጥ እሱ።»

ልብስ ሰፊዋ ማልቀስ ጀመረች። ቀውላላው ሚጣን ቀና ብሎ አያትና ዓይኑን ሰበረ። ወንድሟ ይህንን ከሁሉም ቀድሞ ሰምቶ ነው ያፈነው ማለት ነው።

ዜማው አለቀ። እጇን ኪሷ ከተተች፤ ካፓሲተሯ በጣቶቿ መሃል ምስር ታክላለች።

«ድገሚልኝ የኔ ልጅ» አሉ እናቷ እጃቸውን ዘርግተው። «አንዴ ብቻ አሰሚኝ እሱን።»

«እኔ ነኝ እማዬ» አለች። እንደ ልማዷ ዝቅ አድርጋ ስላለችው ማንም አልሰማትም።

ባዶ እጇን ከኪሷ አውጥታ ገመዱን ያዘች። ክፍቱን ልትነቅለው ፈለገች፤ ይጩህ፣ ቤቱ ሁሉ ይደንግጥ። ትንሿ ጣቷ ግን ቀደመቻት። ቮልዩሙን ቀስ አድርጋ ዜሮ ላይ አደረሰችው።